የስቲም ቅናሽ በባሕር ዳር ኪስ፦ መቼ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ አካባቢ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር አለኝ፤ ጌም የምገዛው ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት ሱቅ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ በዓመት አንድ ጊዜ 50 ዶላር ትልክልኛለች። ከዚያ ውጭ ከደመወዜ እየቆጠብኩ ቴሌግራም ላይ ከሚሸጡ ልጆች ስቲም ላይ ገንዘብ የሚሞላ ጊፍት ካርድ በብር እገዛለሁ። ባለፈው ትልቅ ቅናሽ 11 ጌም ገዝቼ እስካሁን የከፈትኩት ሁለቱን ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ቅናሹ በመጨረሻው ቀን ይበልጥ ይወርዳል፣ ጠብቅ› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹መጀመሪያ ዋጋውን ሰቅለው ነው የሚቀንሱት፣ ሁሉም ውሸት ነው› ይላል። አንድ ሻጭ የ70 ዶላር ጌም ኮድ በ2,500 ብር እሰጥሃለሁ ብሎኛል። አዲሱን የእግር ኳስ ጌምም በጣም እፈልገዋለሁ። መቼ ልግዛ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

ምላሽ፦ የመጀመሪያው ጓደኛህ የሚነግርህ ድሮ ልክ የነበረ ነገር ነው። ስቲም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ በትልልቅ ቅናሾቹ መሀል ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይ ተጨማሪ ቅናሽ ያወጣ ነበር። ጠዋት በ30 በመቶ ቅናሽ የገዛኸውን ጌም ማታ በ75 በመቶ ታየውና ትቃጠላለህ። ሰው እስከ መጨረሻዋ ቀን መጠበቅን የለመደው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ግን ገዢው ያልወደደውን ጌም መልሶ ገንዘቡን የሚወስድበት ሥርዓት ተጀመረ። ጠዋት በውድ የገዛ ሰው መልሶ ማታ በርካሽ መግዛት ከቻለ የሰዓታት ቅናሽ ፋይዳ የለውም፤ ስለዚህ ከዚያ ዓመት የኖቬምበር ቅናሽ ጀምሮ ቀረ። ዛሬ ቅናሹ ሲከፈት የተለጠፈው ዋጋ እስኪዘጋ ድረስ ያው ነው። ቅናሹ የሚከፈተው በእኛ ሰዓት በሰኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች ሰዓት ገጹ ስለሚጨናነቅ መክፈል ራሱ ያስቸግራል። እራትህን በልተህ ተኛ፤ ጠዋትም ዋጋው አይለወጥም።

የሁለተኛው ጓደኛህ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ሰቅሎ መቀነስ ስቲም ላይ ቀላል አይደለም፤ የአንድ ጌም ዋጋ ከተጨመረ በኋላ 30 ቀን ሳይሞላ ቅናሽ ማውጣት አይፈቀድም። አንዱ ቅናሽ ካለቀ በኋላም፣ ከአራቱ ወቅታዊ ቅናሾች በስተቀር፣ ሌላ ለማውጣት 30 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ጓደኛህ የነካው እውነት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ውሰድ። በ2019 እ.ኤ.አ. ለኮምፒዩተር ሲወጣ 60 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በትልልቆቹ ቅናሾች በ15 ዶላር ደጋግሞ ተሽጧል። ገበያ ወጥተህ ባለሱቁ «ለሌላ ሰው 800 ነው፣ ላንተ ግን 400» ቢልህ የዕቃው ዋጋ 400 እንደሆነ ወዲያው ይገባሃል። እዚህም 60 ዶላሩ የተሰቀለው 15ቱ ርካሽ ሆኖ እንዲታይህ ነው። «75 በመቶ ቅናሽ» የሚለውን አረንጓዴ ሳጥን ስታይ 45 ዶላር አተረፍኩ ብለህ አታስብ። የዚህ ጌም የቅናሽ ዋጋ 15 ዶላር ነው፤ በሚቀጥለው ቅናሽም በዚያው ወይም ከዚያ በታች ታገኘዋለህ።

ይህን በራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ፤ እኔን ማመን አያስፈልግህም። ስቲም ዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የጌሙን ስም ስትፈልግ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ስንት ጊዜ፣ መቼ፣ እስከ ስንት እንደወረደ በመስመር ስሎ ያሳይሃል። ኢዝ ዜር ኤኒ ዲል የሚባለው ደግሞ የተለያዩ ሕጋዊ ሱቆችን ዋጋ ጎን ለጎን ያስቀምጥልሃል። ሁለቱም በነፃ ናቸው፣ በስልክም ይከፈታሉ። አሁን የሚታየው ዋጋ እስከ ዛሬ ከታየው ዝቅተኛ ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ ቅናሹ እውነተኛ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ዝቅ ብሎ ያውቃልና ተመልሶ ዝቅ የማለቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ለምን ይህን ያህል መቀነስ እንደቻሉ ብታውቅ መጠበቁ አይከብድህም። ጌሙን ለመሥራት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሊወጣ ይችላል፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን አንድ ተጨማሪ ቅጂ መሸጥ ለአሳታሚው ከሞላ ጎደል ምንም አያስወጣውም። ስቲም ከሽያጩ በመደበኛው 30 በመቶ ይወስዳል፣ ተፎካካሪው ሱቅ ኤፒክ 12 በመቶ፤ የቀረው ለአሳታሚው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በጣም የጓጓው ሰው 70 ዶላር ይከፍላል፣ ከስድስት ወር በኋላ ትዕግሥት ያለው 45፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አንተና እኔ 15 እንከፍላለን። ሁላችንም ከፋዮች ነን፤ የተደረደርነው በጉጉታችን መጠን ነው። ዊሽሊስትህ (ልትገዛቸው የምታስባቸው ጌሞች ዝርዝር) ውስጥ ያስገባኸው ጌም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲቀነስ ስቲም ኢሜይል ይልክልሃል። ይህን አሳታሚዎቹም ስለሚያውቁ ብዙ ጌሞች የመጀመሪያ ቅናሻቸውን ልክ 20 በመቶ ላይ ያደርጉታል። ያ ኢሜይል ሲደርስህ ጌሙ መውረድ ጀመረ ማለት እንጂ ታች ደረሰ ማለት አይደለም።

አሁን ስለ ወራቱ። የስሞቹ አጠራር ብዙ ሰው ያደናግራል፤ እነሱ «ሰመር» የሚሉት ለእኛ ክረምት መግቢያ ነው፣ «ዊንተር» የሚሉት ደግሞ በጋ። ስለዚህ በእኛ ወር ልንገርህ። በ2025 እ.ኤ.አ. የመጋቢቱ ቅናሽ ከመጋቢት 4 እስከ 11፣ የሰኔው ከሰኔ 19 እስከ ሐምሌ 3፣ የመስከረሙ ከመስከረም 19 እስከ 26፣ የታኅሣሡ ደግሞ ከታኅሣሥ 9 እስከ 27 ነበር። በየዓመቱ ጥቂት ቀን ወዲህ ወዲያ ይላል። ትልልቆቹ የሰኔውና የታኅሣሡ ናቸው፤ የመጋቢቱና የመስከረሙ አንድ አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚቆዩት። አንድ ነገር ልብ በል፤ የታኅሣሡ ቅናሽ የተዘጋው ገና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ዘመድ «ለገና የሚሆን» ብሎ የላከው ብር የሚደርሰው ቅናሹ ካለቀ በኋላ ነው። በየዓመቱ ጥር መጀመሪያ ላይ ሱቄ መጥተው «ትናንት 12 ዶላር ነበር፣ ዛሬ 40 ሆነብኝ» የሚሉኝ ልጆች አሉ። የፈረንጆቹ ገና የእኛን በ13 ቀን እንደሚቀድም ለእህትህ ማስታወስ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ጌም ቅናሽ ሲመክሩ የማይነኩት፣ እኛን ግን ከምንም በላይ የሚመለከተን ጉዳይ ብሩ ነው። ስቲም በብር አይሸጥም፤ ለኢትዮጵያ የሚያሳየው ዋጋ በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር አካባቢ ይመነዝር ነበር፤ የ60 ዶላር ጌም በሙሉ ዋጋው 3,420 ብር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው ያው ጌም 9,000 ብር ነው። በግማሽ ዋጋ ሲወርድ እንኳ 4,500 ብር። ልብ በል፤ የዛሬው የ50 በመቶ ቅናሽ ከያኔው ሙሉ ዋጋ ይበልጣል። ከቴሌግራም ሻጭ ስትገዛ ደግሞ የምትከፍለው በባንክ ተመን አይደለም፤ እሱ ራሱ ዶላሩን ያገኘበት ዋጋና ትርፉ ይጨመርበታል። ባንኩ 150 ሲል እሱ 180 ካለህ የ30 ዶላሩ ጌም 5,400 ብር ሆነ። እንግዲህ «50 በመቶ» ከሚለው ላይ የ900 ብሩን ልዩነት ለሻጩ ሰጠኸው ማለት ነው። ጊፍት ካርድ ልትገዛ ስትል መጀመሪያ የምታሰላው ይህን ነው፦ የጠየቀህን ብር በካርዱ ዶላር አካፍል፣ ያገኘኸውን ከባንክ ተመን ጋር አስተያይ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። እህትህ የምትልከው 50 ዶላር ስቲም ዋሌትህ (ስቲም ላይ ያለህ የገንዘብ ሒሳብ) ውስጥ ከገባ በዶላር ይቀመጣል፤ ብሩ ቢወርድም እሱ 50 ዶላር ነው፤ ስድስት ወር መጠበቅ አያስከፍልህም። ከደመወዝህ የቆጠብከው ብር ግን እንደዚያ አይደለም። ከሙሉ ዋጋ ወደ ግማሽ እስኪወርድ መጠበቅ በብርም ቢሆን ያዋጣል። አንድ ጊዜ ግማሽ ከደረሰ በኋላ ግን «ትንሽ ይጨምር» ብሎ መጠበቅ ብዙም አያተርፍም። አስላው፦ ዛሬ 30 ዶላር በ150 ብር 4,500 ነው። ከስድስት ወር በኋላ ጌሙ 27 ዶላር ቢሆንና ዶላሩ 165 ብር ቢደርስ 4,455 ትከፍላለህ። ስድስት ወር ጠብቀህ ያተረፍከው 45 ብር ነው። ስለዚህ በዶላር ያለህን ታግሠህ ያዝ፣ በብር የምትገዛውን ጌም ግን ጥሩ ዋጋ እንዳየህ ግዛ። በሌላ በኩል ዋሌት ውስጥ የገባ ገንዘብ ተመልሶ አይወጣም፤ ለቤት ኪራይ ሊያስፈልግህ የሚችል ብር እዚያ አታስገባ።

ቀጥሎ የመመለሻው ሕግ ነው፤ እሱ ላይ የባሕር ዳር ኢንተርኔትና መብራት ይገቡበታል። ስቲም ጌም የሚመልሰው ከገዛህ 14 ቀን ካልሞላና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ ነው። ከዚህም በላይ፣ ዛሬ በሙሉ ዋጋ ገዝተህ ነገ ቅናሽ ቢወጣ መልሰህ በቅናሹ ብትገዛ እንደ ማጭበርበር እንደማያዩት ስቲም ራሱ በግልጽ ጽፏል። ይህ ትልቅ መብት ነው። ችግሩ 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ከከፈልክበት ሰዓት ጀምሮ መሆኑ ነው፤ ዳውንሎድ አልቆ አላለቀ አይጠይቅም። 100 ጊጋባይት የሆነ ጌም በ10 ሜጋቢት መስመር ሳይቆራረጥ ቢወርድ እንኳ 22 ሰዓት ይፈጃል፤ 10 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ብቻ ነውና። በ4 ሜጋቢት ከሆነ 56 ሰዓት ገደማ ነው። ዲያስፖራ ሰፈር ያለ አንድ ደንበኛዬ 70 ጊጋባይት ጌም ያወረደው ሌሊት ሌሊት ብቻ እየለቀቀ፣ መብራት ሲጠፋ እያቆመ በ9 ሌሊት ነበር። ሲያልቅ የመመለሻው ጊዜ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ጌሙ ደግሞ ለግራፊክስ ካርዱ ከበደው። ለጥቂት ነው የደረሰበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ጌም ገዝተው በ14 ቀን ውስጥ መክፈት እንኳ ያልቻሉ ሰዎችም አውቃለሁ። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት የጌሙን መጠንና የሚፈልገውን የኮምፒዩተር ዓይነት አንብብ፤ እንዳወረድክም በዚያው ሰሞን ክፈተው። አንዳንድ ጌሞች ደግሞ ስቲም ላይ ከተጫኑ በኋላ በራሳቸው መክፈቻ ሌላ ዳውንሎድ ይጀምራሉ፤ ያ ሁሉ ሰዓት እንደተጫወትክ ይቆጠራል። እንደዚያ ካጋጠመህ ቶሎ ዝጋውና ስለ ጌሙ ሌሎች የጻፉትን አንብብ።

ዳታን ለማዳን ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱንም እኔ ዘወትር እጠቀምባቸዋለሁ። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስቲም በአንድ ዋይፋይ ወይም ኬብል ላይ ካለ ሌላ ኮምፒዩተር ጌም መቅዳት ይፈቅዳል። ጓደኛህ ያንኑ ጌም ጭኖት ከሆነ ዴስክቶፑን ተሸክመህ ቤቱ ሂድ፤ ከኢንተርኔት የሚወርደው ትንሽ ነገር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ጂኦጂ የሚባለው ሱቅ ነው። እዚያ የምትገዛውን ጌም መጫኛ ፋይል አውርደህ ሃርድ ዲስክ ላይ ለሁልጊዜ ማስቀመጥ ትችላለህ፣ ለመጫንም ኢንተርኔት አይጠይቅህም። የመመለሻ ጊዜውም 30 ቀን ነው። ለእኛ መስመር ከ14 ቀኑ የተሻለ ይመቻል፤ ቅናሹ እኩል ከሆነ እኔ ከዚያ ነው የምገዛው።

የ2,500 ብሩን ኮድ አትግዛ። 70 ዶላር በ150 ብር 10,500 ብር ነው፤ ከሩብ በታች በሆነ ዋጋ አዲስ ጌም የሚሸጥልህ ሰው ኮዱን ከየት አመጣው ብለህ ጠይቅ። እንዲህ ያለ ኮድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በተሰረቀ የባንክ ካርድ ከተገዛ ጌም ነው። የካርዱ ባለቤት ባንኩን ሲያመለክት ክፍያው ይመለሳል፣ አሳታሚው ኮዱን ይሰርዛል፣ ጌሙም ካንተ ላይብረሪ (ከገዛሃቸው ጌሞች ዝርዝር) ይጠፋል። አንድ የፔዳ ተማሪ ላፕቶፑን ሱቄ ድረስ ይዞ መጥቶ አሳይቶኛል፤ 60 ሰዓት የተጫወተበት ጌም የለም፣ በቦታው የቀረው ኮዱ መሰረዙን የሚገልጽ መልእክት ነው። የሻጩን ቴሌግራም ሲከፍት «የተሰረዘ አካውንት» ይላል። ከስቲም ውጭ የተገዛ ኮድን ስቲም ገንዘብ አይመልስበትም፤ የምትከስሰው ሰው የለም። ሌላ ደግሞ «አካውንት» የሚሸጡ አሉ፦ ጌሙ ያለበትን የሰው አካውንት የይለፍ ቃል ይሰጡህና ኢንተርኔት አጥፍተህ ተጫወት ይሉሃል። ያንኑ አካውንት ለሃያ ሰው ይሸጡታል። እሱንም ተወው።

ቪፒኤን (ሌላ አገር ያለህ የሚያስመስል ፕሮግራም) ከፍቶ «ርካሽ አገር» መግባት የሚለውን ምክርም እንደምትሰማ እገምታለሁ። ዋጋው ርካሽ ነበር የሚባልላቸው ቱርክና አርጀንቲና ከኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዶላር ተዛውረዋል። የቀሩትም ቢሆኑ የዚያ አገር የክፍያ ካርድ ይጠይቁሃል፤ ውሉም ይህን ይከለክላል። ዓመታት ያጠራቀምከው ላይብረሪ ያለበትን አካውንት ለጥቂት ዶላር አደጋ ላይ አትጣል።

የእግር ኳሱን ጌም በተመለከተ ስሜትህ ይገባኛል፤ እዚህ ከተማ ሰው ሁለት ጆይስቲክ ይዞ ሲቀመጥ የሚከፍተው እሱን ነው። ነገር ግን ዋጋቸው ቶሎ ከሚወድቁ ጌሞች አንዱ እሱ ነው። አዲሱ እትም በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት መስቀል ተተኪው ስለሚመጣ አሳታሚው ሊሸጥበት የሚችልበት ጊዜ 12 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ በ70 ዶላር የወጣው በኅዳር አጋማሽ፣ ፈረንጆቹ ብላክ ፍራይዴይ በሚሉት ሰሞን፣ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሰኔ ላይ ደግሞ የሩቡን ያህል ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። የዚሁ ጌም እትም የሆነው ኤፍሲ 24 ሴፕቴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በሜይ 2024 ለፕሌይስቴሽን ፕላስ አባላት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጠ። ሚያዝያ ላይ በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ምን እንደተሰማው አስብ። ኦንላይን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቡድን የምትገነባ ከሆነ ቀድሞ መግዛት ጥቅም አለው፤ ከጓደኛህ ጋር ሶፋ ላይ ለመጫወት ከሆነ ግን በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል ጨዋታው ምንም አይለወጥም፣ ዋጋው ብቻ ነው የሚለወጠው። እስከዚያ እጅህን ማፍታታት ካማረህ የኮናሚው ኢፉትቦል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ነው። ከመውጣቱ በፊትም ቀድመህ አትዘዝ። በዲጂታል የሚሸጥ ነገር አያልቅም፤ ቀድሞ ማዘዝ የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

መጠበቅ የማያዋጣባቸው ጌሞችም አሉ። ፋክቶሪዮ በቅናሽ አልሸጥም የሚል አቋም ያለው ጌም ነው። እንዲያውም በጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ዋጋው ከ30 ወደ 35 ዶላር ጨመረ፤ ቅናሽ ሲጠብቁ የነበሩት 5 ዶላር ተጨማሪ ከፈሉ። የዋጋ ታሪኩን ስታየው ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ አትጠብቅ። ስታርዲው ቫሊ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በ15 ዶላር ወጥቶ መነሻ ዋጋው እስከ ዛሬ ያው ነው፤ በቅናሽ አንድ ሦስተኛውን ወይም ግማሹን ይቀንሳል እንጂ 80 በመቶ አይደርስም። የአንድ ሰው ሥራ ነው፣ ዓመታት ሙሉ አዳዲስ ነገር ያለ ክፍያ ሲጨመርበት ቆይቷል። እንዲህ ያለውን በ10 ዶላር ብትገዛው አይቆጭህም። መጠኑም ትንሽ ስለሆነ በአንድ ምሽት ዳታ ይወርዳል። ጓደኞችህ ሁሉ በዚህ ወር አብረው የሚጫወቱት ጌም ከሆነም ግዛ፤ እነሱ ከተዉት በኋላ በርካሽ ብታገኘው ብቻህን ነህ።

ስለ 11ዱ ጌሞችህ በቀጥታ ልናገር። ምን ያህል እንዳወጣህ አልጻፍክም። 50 ዶላር ነው እንበል፤ ብታካፍለው አንዱ ጌም 4.50 ዶላር ገደማ ይመስላል። የከፈትከው ግን ሁለት ነው፤ ስለዚህ አንዱ 25 ዶላር ወጣህ። ዘጠኙ በሚቀጥለው ቅናሽም ባለፈው ዋጋቸው ወይም ከዚያ ዝቅ ብለው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያኔ ባትገዛቸው ኖሮ የሚያመልጥህ አልነበረም። የቅናሹ ገጽ የተሠራው እንዲህ እንድትገዛ ነው፦ ወደ ዜሮ የሚቆጥር ሰዓት፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ትንንሽ ዋጋዎች፣ «ከዚህ ጋር የሚመሳሰሉ» የሚል መስመር። በጥቅል የሚሸጠውንም ተጠንቀቅ። ስቲም ላይ ስብስቡን ለማሟላት የሚሸጠው ጥቅል ያለህን ጌም ቀንሶ የቀረውን ብቻ ያስከፍላል፣ ቅናሹም በቅናሽ ላይ ይደመራል፤ ተከታታዩን በእውነት የምትፈልግ ከሆነ ጥሩ ነው። አንዱን ፈልገህ አራቱን ከገዛህ ግን ውድ ገዛህ። ዴሉክስ የሚባለው እትምም በአብዛኛው ልብስና ቀለም ነው፤ መሠረታዊው ይበቃሃል። ለመሞከር ያህል አዲስ ጌም ካማረህ ኤፒክ ሱቅ በየሳምንቱ ሐሙስ በእኛ ሰዓት አመሻሽ 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ነፃ ጌም ይሰጣል። በሳምንቱ ውስጥ ከወሰድከው ያንተ ሆኖ ይቀራል፤ ማውረዱን መስመር ሲመችህ ታደርገዋለህ።

ስለዚህ እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው፤ አንተም እንዲሁ አድርግ እልሃለሁ። እስከሚቀጥለው ትልቅ ቅናሽ ምንም አትግዛ፤ ካሉህ ዘጠኝ ያልተከፈቱ ጌሞች ሦስቱን ጀምር። ዊሽሊስትህን ወደ አምስት አውርደው። ለእያንዳንዱ ስቲም ዲቢ ላይ እስከ ዛሬ የታየውን ዝቅተኛ ዋጋ አይተህ በወረቀት ጻፍ፣ ከጎኑም የጌሙን መጠን በጊጋባይት። ቅናሹ ሲከፈት ዋጋው የጻፍከውን ከነካ አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ግዛ፤ ካልነካ የሚቀጥለውን ጠብቅ። ከ50 ዶላሩ 35ቱን ታኅሣሥ ላይ ለእግር ኳሱ መድብ፤ ያኔ ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ መጋቢት ይቆይ። የቀረው 15 ለአንድ የቆየ ጌም ይበቃል። በብር ጊፍት ካርድ መግዛቱን፣ ዶላሩን በስንት እንደሚያስቡልህ ሳታሰላ አትድገመው።

እህትህ ጌሙን ራሱን በስጦታ ከምትልክልህ የስቲም ዲጂታል ጊፍት ካርድ ብትልክልህ ይሻላል፤ በስጦታ የመጣ ጌም ብትመልሰው ገንዘቡ የሚሄደው ወደ እሷ ነው፣ ጊፍት ካርድ ግን ዋሌትህ ውስጥ ይቆያል። ካርዱን ለመላክ በስቲም ላይ ጓደኛ ከሆናችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን መሙላት አለበት። አካውንት ከሌላት ዛሬ ማታ ስትደውልላት ታውጣ፣ የጓደኝነት ጥያቄውንም አሁኑኑ ላክላት።